በጭንቋ ቅጽበት እጃችን ወዴት ይሄዳል?



  

የዛሬው ማስታወሻችን በሰከንዶች ውስጥ ስለምንወስናቸው ውሳኔዎች ነው። ለማሰብ ጊዜ የለም። ልብ ይመታል። አጠገባችን ያለው ሰው "ቶሎ በል!" ይላል። በዚህች ሰዓት ትክክለኛውን ነገር ማድረግ ለጥቂት ሰዎች ብቻ የተሰጠ ተፈጥሮ ነው? ወይስ የሚለመድ ነገር ነው? ብዙዎቻችን የምናውቀውን አንድ የአገራችንን ታሪክ በማስታወስ እንጀምር።

ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም

በዚህ ቀን የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 961 ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ተነሣ። አውሮፕላኑ ቦይንግ 767 ነበር፤ በውስጡ 175 ሰዎች ነበሩ። ብዙም ሳይቆይ ሦስት ጠላፊዎች ወደ አብራሪዎቹ ክፍል ገብተው ወደ አውስትራሊያ እንዲወስዷቸው አዘዙ። ዋና አብራሪው ካፒቴን ልዑል አባተ የተሞላው ነዳጅ ለዚያ እንደማይበቃ ቢነግሯቸውም ሊያምኗቸው አልፈለጉም።

ካፒቴኑ ከዚያ በፊትም ሁለት ጊዜ የጠለፋ አደጋ ገጥሟቸው ነበር። በዚህኛውም አልተደናገጡም። መጀመሪያ ከአፍሪካ የባሕር ጠረፍ ሳይርቁ ወደ ደቡብ በረሩ። ጠላፊዎቹ የብሱን አይተው ወደ ባሕሩ እንዲዞሩ ሲያስገድዷቸው ደግሞ አቅጣጫቸውን ወደ ኮሞሮስ ደሴቶች አደረጉ። በመጨረሻ ነዳጁ አለቀ፤ ሁለቱም ሞተሮች ጠፉ። ካፒቴኑ አውሮፕላኑን ከባሕር ዳርቻው አጠገብ ውኃው ላይ ሊያሳርፉት ሞከሩ። አውሮፕላኑ ውኃውን ሲመታ ተሰባበረ፤ በዳርቻው የነበሩ ሰዎች ወዲያውኑ ለእርዳታ ደረሱ። 125 ሰዎች ሞቱ፤ 50 ሰዎች ተረፉ።

ዛሬ ቆም ብለን እንድናስብባት የምንፈልገው ግን በተሳፋሪዎቹ መካከል የሆነችውን አንዲት ነገር ነው። ከሞቱት መካከል በርካቶች የሞቱት በምቱ አልነበረም። የነፍስ አድን ጃኬታቸውን አውሮፕላኑ ውስጥ እያሉ ነፍተውት ነበር። ውኃው ሲገባ የተነፋው ጃኬት ወደ ጣሪያው አንሳፈፋቸው። ወደ መውጫው ለመድረስ ዝቅ ማለት፣ መጥለቅ ያስፈልግ ነበር፤ ጃኬቱ ግን አላስጠልቅ አላቸው። ሊያድናቸው የተሰጣቸው ነገር ያዛቸው።

እነዚህ ሰዎች ሞኞች አልነበሩም። በዚያች ሰዓት እኛም ብንሆን እጃችን የሚሄደው ወደ ጃኬቱ ገመድ ነው። ውኃ ሊገባ ነው፣ መንሳፈፊያው ደረቴ ላይ አለ፣ ታዲያ ምን እጠብቃለሁ? ያልሠለጠነ ደመነፍስ እንዲህ ነው የሚያስበው። የሠለጠነው ግን "መጀመሪያ ወደ በሩ፣ ከዚያ መንፋት" ይላል። ልዩነቱ የተፈጠረው በዚያች ደቂቃ አይደለም፤ ከዚያ በፊት ነው። አስተናጋጆቹ ከመነሣታችን በፊት ቆመው "ጃኬቱን ከአውሮፕላኑ ሳትወጡ አትንፉ" ሲሉን እኛ ስልካችንን እየነካካን ያሳለፍናት ያች ደቂቃ ናት ልዩነቱን የምትፈጥረው።

የዛሬው መልእክታችን በአጭሩ ይህ ነው፦ ጭንቅ ሲመጣ አዲስ ሰው አንሆንም። ከዚያ በፊት የለመድነው ነገር ነው ከውስጣችን የሚወጣው።

"ቀልቤ አልወደደውም" የሚባለው ነገር

"ቀልቤ አልወደደውም"፣ "ልቤ ነግሮኝ ነበር" እንላለን። አንዳንዱ ሰው በቅጽበት የሚወስነው ነገር ሁሉ ስምር ሲልለት እናያለን። ይህ ስሜት ከየት ይመጣል?

ጋሪ ክላይን የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ) ጀምሮ የእሳት አደጋ ቡድን መሪዎች እንዴት እንደሚወስኑ አጥንቷል። ከነገሩት ታሪኮች አንዱ እንዲህ ነው። አንድ የቡድን መሪ ሰዎቹን ይዞ በኋላው ክፍል ኩሽናው ወደሚቃጠል ቤት ገባ። ውኃ ረጩበት፤ እሳቱ አልበረደም። ደግመው ረጩ፤ አሁንም ያው ነው። ሳሎኑ ከሚጠበቀው በላይ ይሞቃል፤ እሳቱ ግን እንደዚያ ለሚሞቅ እሳት ድምፁ ዝቅ ያለ ነው። መሪው ምን እንደሆነ ሳያውቅ ነገሩ አላምር አለውና "ሁላችሁም ውጡ!" ብሎ አዘዘ። እንደወጡ ቆመውበት የነበረው ወለል ተደረመሰ። እሳቱ የነበረው ከእግራቸው ሥር፣ ከምድር ቤቱ ነበር።

መሪው ራሱ ያዳነው ስድስተኛ ስሜት እንደሆነ ያምን ነበር። ክላይን ግን ነገሩን አብሮት ሲመረምር ሌላ ነገር አገኘ። ሰውየው ከዚያ በፊት እጅግ ብዙ እሳት አይቷል። የኩሽና እሳት እንዴት እንደሚሞቅ፣ እንዴት እንደሚጮኽ፣ ውኃ ሲነካው እንዴት እንደሚሆን አካሉ ያውቃል። የዚያ ቀኑ እሳት ከሚያውቀው ጋር አልገጠመም። አእምሮው ምክንያቱን በቃላት ከማስቀመጡ በፊት ስሜቱ ቀደመው።

አላህ የሻውን ሰው በሻው ነገር ሊያስተውልና ሊጠብቅ ይችላል፤ በዚህ አንጠራጠርም። ነገር ግን ብዙውን ጊዜ "ልቤ ነገረኝ" የምንለው ነገር በልፋት የተከማቸ ልምድ ነው። ሳይለፉ እሱን መጠበቅ ሳይዘሩ አዝመራ እንደመጠበቅ ነው።

የመጀመሪያዋ ምት

ይህን ነገር ዲናችን ቀድሞ አስተምሮናል። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በቀብር አጠገብ በምታለቅስ ሴት በኩል አለፉ። አላህን እንድትፈራና ሶብር እንድታደርግ መከሯት። እሷ ማንነታቸውን አላወቀችምና የኔ መከራ አልደረሰብህም በሚል መንፈስ መለሰችላቸው። ነቢዩ መሆናቸው ሲነገራት ደንግጣ ወደ ቤታቸው ሄደችና ይቅርታ ጠየቀች። እሳቸውም ሶብር ማለት በመጀመሪያዋ ምት ላይ የሚገኘው እንደሆነ ነገሯት።

ወንድሞችና እህቶች! ይህችን ነገር ረጋ ብለን እናስባት። ከሦስት ቀን በኋላ ሁሉም ሰው ይረጋጋል። ከወር በኋላ ሁሉም ሰው "ምን ነበር ዝም ብል ኖሮ!" ይላል። ፈተናው ያለው በመጀመሪያዋ ሰከንድ ነው። ስድብ ጆሯችን ውስጥ እንደገባ፣ መርዶ እንደሰማን፣ መኪናው ከፊታችን ድንገት እንደቆመ።

ታዲያ ያች ሰከንድ በእጃችን ናት? በሌላ ሐዲስ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ታጋሽ ለመሆን ራሱን የሚያስገድድን ሰው አላህ ትዕግሥትን እንደሚሰጠው ነግረውናል። ይህም ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት ነው። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ፦ መጀመሪያ ሰውየው ይታገላል፣ ይለማመዳል፤ ከዚያ አላህ ይሰጠዋል። "እኔ ተፈጥሮዬ ቁጡ ነው፣ ምን ላድርግ?" የሚል ሰው በዚህ ሐዲስ ፊት ምክንያት የለውም።

ሶላታችንም የዚሁ ትምህርት ቤት ናት። ልጅ ሶላት ግዴታ የሚሆንበት ዕድሜ ሳይደርስ በሰባት ዓመቱ እንዲሰግድ እንዲታዘዝ ተነግሮናል። ለምን? ግዴታው ሲመጣ አካሉ እንዲያውቃት። ከዚያ በኋላ በቀን 17 ረከዓ ፈርድ፣ ዕድሜ ልክ።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ኢማሙ ከሁለተኛው ረከዓ በኋላ ለተሸሁድ መቀመጡን ረስቶ ቢቆም ምን ይሆናል? ከኋላ ያለው "ሱብሓነላህ" ይላል። ኢማሙ ቀጥ ብሎ ከቆመ አይመለስም፤ ሶላቱን ቀጥሎ ሱጁደ ሰህው ያደርጋል። የተማረ ኢማም ይህን የሚወስነው በአንድ ሰከንድ ነው። ያልተማረው ግማሽ ተቀምጦ ግማሽ ቆሞ ሰፉን ሁሉ ያውካል። ሁለቱም ረስተዋል፤ መርሳት የሰው ነው። የለያቸው ከስሕተቱ በኋላ ያለችው ሰከንድ ናት።

ስሜታችንን የማናምንባቸው ቦታዎች

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። "ልቤን ልከተል" ማለት ሁልጊዜ ደግ አይደለም።

ክላይን በስሜት ውሳኔ ላይ ጥርጣሬ ከነበረው የኖቤል ተሸላሚ ከዳንኤል ካነማን ጋር በ2009 (እ.ኤ.አ) አንድ ጽሑፍ አብረው አወጡ። የተለያየ አቋም ይዘው ጀምረው በሁለት ነገር ተስማሙ። ፈጣን ስሜት ሊታመን የሚችለው አንደኛ፣ ነገሩ ራሱ የሚደጋገም ሥርዓት ሲኖረው ነው። ሁለተኛ፣ ሰውየው ደጋግሞ ሞክሮ ትክክል ይሁን ስሕተት ውጤቱን አይቶ ሲማር ነው። እሳት ሥርዓት አለው። የታማሚ ሁኔታ ሥርዓት አለው። ለዓመታት የሠራች ነርስ "ይህ ልጅ አላማረኝም" ካለች ሐኪሙን መጥራት ይገባል።

በዚህ መስፈርት የራሳችንን ሕይወት እንመርምር።

ውርርድ ቤት የሚገባው ወንድማችን "ዛሬ ልቤ ነግሮኛል" ይላል። ልቡ ከየት አወቀ? የበላባትን አንዲት ቀን ያስታውሳል፣ የተበላባቸውን ሃያ ቀናት ይረሳል። ቁማር ሐራም መሆኑ ይበቃን ነበር፤ ይህ ስሜት ግን ልምድ እንኳ አይደለም፤ ነፍስያ የምትፈልገውን ስትናገር ነው።

ሰውን በመልኩ፣ በአነጋገሩ፣ በብሔሩ አይቶ "ይሄ ሰው አላማረኝም" ማለትም እንዲሁ ነው። ብዙውን ጊዜ ያ ስሜት ከተሞክሮ ሳይሆን ከሰማነው ወሬ የመጣ ነው። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ሑጁራት ከጥርጣሬ ብዙውን እንድንርቅ ያዘዘን ከፊሉ ኃጢአት ስለሆነ ነው። ስሜት ለራሳችን ጥንቃቄ ሊያነቃን ይችላል፤ በሰው ላይ ማስረጃ ግን አይሆንም።

ሦስተኛው ቦታ ጥድፊያውን ሌላ ሰው የፈጠረው እንደሆነ ነው። ስልክ ይደወላል። "ከባንክ ነው፤ ሒሳብዎ ሊዘጋ ነው፤ አሁን በመልእክት የደረሰዎትን ቁጥር ይንገሩን።" ወይም "ወንድምህ አደጋ ደርሶበት ሆስፒታል ነው፤ አሁኑኑ ገንዘብ ላክ።" ወይም በቴሌግራም "መስጂድ ተቃጠለ! ሳትውሉ ሳታድሩ ሼር አድርጉ!" እነዚህ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ለማሰብ ጊዜ አይሰጡንም። ሱረቱል ሑጁራት ወሬ ሲመጣልን እንድናጣራ ያዘዘችን ሳናውቅ ሰዎችን ጎድተን በኋላ እንዳንጸጸት ነው። አንዲት ያልተጣራች መልእክት ሰፈር ልታጋጭ፣ ደም ልታፈስ ትችላለች። ስለዚህ ይህን እንያዝ፦ ገንዘብ፣ የሚስጥር ቁጥር ወይም ወሬ ሆኖ "አሁኑኑ" ከተባልን ጥድፊያው ራሱ የማስጠንቀቂያ ምልክት ነው።

እንዴት እንለማመድ?

1. ውሳኔውን አስቀድመን እንወስን

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የተቆጣ ሰው ቆሞ ከሆነ እንዲቀመጥ፣ ካልበረደለት ጋደም እንዲል መክረዋል። ዝም እንዲልም አዘዋል። ይህ ምን ያህል ግልጽ እንደሆነ ተመልከቱ። "ቁጣህን ተቆጣጠር" ብቻ ተብሎ ቢተው ኖሮ በዚያች ሰዓት ከየት እንደምንጀምር ይጠፋን ነበር። መቀመጥን ግን የተቆጣ ሰውም ያውቀዋል።

እኛም ለየራሳችን እናዘጋጅ። "ስለ ገንዘብ ከተደወለልኝ ስልኩን ዘግቼ በማውቀው ቁጥር እደውላለሁ።" "እናቴ ስትቆጣኝ ድምፄ ከፍ ሊል ሲል ውኃ ልጠጣ እነሣለሁ።" "የሚያናድድ ጽሑፍ ካየሁ ሳልሰግድ አልመልስም።" ዓረፍተ ነገሯ አጭር ትሁን፤ በሰላሙ ጊዜ ደጋግመን እንበላት።

2. አካላችንን እናለማምድ

በረመዳን ሳምቡሳ ሲጠበስ ዘይቱ ቢቀጣጠል እጃችን የሚሄደው ወደ ውኃ ነው። ውኃ ግን የሚነደውን ዘይት ፈናጥሮ እሳቱን ያባብሰዋል። ትክክለኛው ምድጃውን ማጥፋትና ድስቱን በክዳን መሸፈን ነው፤ ድስቱን አንሥቶ መሮጥም አይገባም። ኤሌክትሪክ የያዘውን ሰው ስናይ እጃችን እሱን ለመሳብ ይሄዳል፤ ትክክለኛው ግን መጀመሪያ ቆጣሪው ላይ ኤሌክትሪኩን ማጥፋት ነው። ሁለቱም ከጃኬቱ ጋር አንድ ናቸው፤ መጀመሪያ የሚመጣልን ነገር ሊገድል ይችላል።

ዛሬ ማታ ክዳኑ የት እንደሚቀመጥ እንይ። የቆጣሪውን ማጥፊያ ለታናናሾቻችን እናሳያቸው። አንድ ጊዜ በእጃችን ብንሞክረው አሥር ጊዜ ከማንበብ ይበልጣል።

3. አንዲት ትንፋሽ እንግዛ

አንድ የበረሃ ሰው ወደ መስጂድ ገብቶ ጥግ ላይ ሽንቱን መሽናት ጀመረ። ሶሐቦች ተነሡበት፤ መስጂድ ነውና ማንም ይነሣል። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ግን እንዲተዉት አዘዙ። ሲጨርስ በቦታው ላይ አንድ ባልዲ ውኃ እንዲፈስበት አደረጉ፤ ሰውየውንም በርጋታ አስተማሩት። ሁሉም ሰው ያየው አንድ ነገር ነበር። እሳቸው ግን ቢያቋርጡት ሰውየው እንደሚጎዳ፣ ነጃሳውም እንደሚስፋፋ፣ ልቡም እንደሚሸሽ አዩ። ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገን ሰዓታት አይደለም፤ "አሁን ብነሣ ቀጥሎ ምን ይሆናል?" የምትል አንዲት ጥያቄ ናት።

4. የተረጋጋውን ሰው እንስማ

በ6ኛው ዓመተ ሒጅራ በሑደይቢያ ሶሐቦች ወደ መካ ሳይገቡ መመለሳቸው ከብዷቸው ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እርዳቸውን አርደው ራሳቸውን እንዲላጩ ሲያዝዙ ማንም አልተነሣም። ወደ ባለቤታቸው ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) ገብተው ነገሯት። እሷም ማንንም ሳያናግሩ ወጥተው የራሳቸውን እርድ እንዲያርዱና እንዲላጩ መከረቻቸው። እንዲያ ሲያደርጉ ሰው ሁሉ ተነሣ። የአላህ መልእክተኛ ሆነው ሳለ ምክሯን ከሰሙ፣ እኛ በተቆጣን ሰዓት የእህታችንን "ተው ወንድሜ" መስማት ለምን ይከብደናል?

5. ማታ ማታ ራሳችንን እንጠይቅ

ያለ ግምገማ የተደጋገመ ነገር ስሕተትንም ያጸናል። ሃያ ዓመት በጩኸት የኖረ ሰው የተለማመደው ጩኸትን ነው። ዑለማዎች ሙሓሰባ የሚሉት ይህን ነው። ከመተኛታችን በፊት ሦስት ጥያቄ እንጠይቅ፦ ዛሬ በችኮላ ምን ወሰንኩ? ያኔ ምን አይቼ ነበር፣ ምንስ አመለጠኝ? ነገ ያው ነገር ቢመጣ የመጀመሪያ እርምጃዬ ምንድን ነው? የበደልነው ሰው ካለም ይቅርታውን አናሳድር።

ውጤቱ የአላህ ነው

በመጨረሻ አንድ ነገር። ተዘጋጅተን፣ በሚገባ ወስነንም ያሰብነው ላይሆን ይችላል። ካፒቴን ልዑል የቻሉትን ሁሉ አድርገዋል፤ ሆኖም 125 ነፍስ አለፈ። ሃምሳ ሰው ደግሞ ወደ ቤተሰቡ ተመለሰ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ግመሉን ልሰርና ልመካ ወይስ ልልቀቅና ልመካ ብሎ ለጠየቃቸው ሰው አስሮ በአላህ እንዲመካ ነግረውታል። ማሰሩ የኛ ነው፤ ከዚያ ያለው የአላህ ነው። ይህን ያወቀ ሰው በተሳሳተ ጊዜ ራሱን አይገድልም፤ ተውበት አድርጎ፣ ተምሮ ይቀጥላል።

የዚህ ሳምንት የቤት ሥራችን ትንሽ ናት። እያንዳንዳችን ብዙ ጊዜ የምንሳሳትባትን አንዲት ቅጽበት እንምረጥ። "ይህ ሲሆን ይህን አደርጋለሁ" የምትል አንዲት መስመር እንጻፍላት። እስከሚቀጥለው ጁሙዓ ማታ ማታ እንያት። በሚቀጥለው አውሮፕላን ወይም አውቶቡስ ስንሳፈር ደግሞ ስልካችንን አስቀምጠን መውጫው የት እንዳለ እንይ።

ያ አላህ! በመጀመሪያዋ ምት ላይ ሶብርን ስጠን። ምላሳችንንና እጃችንን ከምንጸጸትበት ነገር ጠብቅልን። ከችኮላችን ክፋት አድነን፤ የምንወስነውን ነገር መጨረሻውን አሳምርልን። ኣሚን።

መልካም ጁሙዓ! በነቢያችን ላይ ሶለዋት ማብዛታችንን አንርሳ።

ወላሁ አዕለም።